አሮጌ መኪና ዘይት ሲያንጠባጥብ፦ እቤት ስንጠግን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚያድርበት ግቢ በጥቁር ጠብታው ይታወቃል። ዲኤክስ ኮሮላም ሆነ የድሮ ሃይሉክስ፣ ዕድሜው የገፋ ሞተር ትንሽ ማላቡ አይቀርም። ጋራዥ ሲወስዱት አንዱ መካኒክ «ሞተር መውረድ አለበት» ይላል። ሌላው «ምንም አይደል፣ ዘይት እየጨመሩ መንዳት ነው» ብሎ ይሸኝዎታል። በሁለቱ መሃል የተጨነቀ ባለመኪና ቅዳሜ ከሰዓት እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ይገባበታል።

ደግ አደረገ። አብዛኛው የዘይት ፍሳሽ እቤት የሚያልቅ ሥራ ነው። ሰው የሚቸገረው ፈትቶ መግጠም አቅቶት አይደለም፤ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ሳያረጋግጥ ቁልፍ ስለሚያነሳ ነው።

ጠብታው ካረፈበት መጀመር

ዘይት ከወጣበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። ብረት ብረቱን ይዞ ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከቴስታታ ክዳን (ከሞተሩ የላይኛው ሽፋን) የኋላ ጠርዝ የሾለከ ዘይት በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ሞተርና ካምቢዮ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ከሥር ተኝቶ የሚያይ ሰው «የኋላ ኦይል ሲል ነው» ብሎ ይደመድማል። ኦይል ሲል የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው፤ የኋላውን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። እውነተኛው ጥፋት ግን ከላይ ያለች የደረቀች ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሃል የምትገባ ማሸጊያ) ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ የሚፈለገው ከሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው እርጥብ ቦታ ነው። ከላይ ወደ ታች ይሂዱ። መጀመሪያ የቴስታታ ክዳኑን ዙሪያ ይዩ። ዲስትሪቢዩተር ያለው ሞተር ከሆነ እሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ይዩ፤ እዚያ ያለችው የጎማ ቀለበት ስትደርቅ ዘይት ታሳልፋለች፣ ብዙ ሰውም አይጠረጥራትም። ቀጥሎ የዘይት መብራት የምታበራዋ ቡልቦ አለች። እሷ ከመሃሏ ስታፈስ በጣት ጫፍ ትታወቃለች፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ከዚያ ፊልትሮው፣ ከፊት የክራንክሻፍቱ ኦይል ሲል፣ በመጨረሻ ከሥር ዘይቱን የሚይዘው ኮፓና የማፍሰሻ ቡሎኑ።

ፈሳሹ የሞተር ዘይት መሆኑንም ያረጋግጡ። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ ከራዲያተር ነው። ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ዘርግተው ጠዋት ቀለሙን ማየት በቂ ነው።

ሳያጥቡ መፈለግ፣ ወይም በቤንዚን ማጠብ

የዓመታት ቅባትና አቧራ የተጋገረበት ሞተር ላይ አዲስ ፍሳሽ መለየት አይቻልም። ሁሉም ነገር እርጥብ ነው። መታጠብ አለበት። አስተጣጠቡ ላይ ግን ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ።

አንደኛው ቤንዚን ነው። ቅባት ቶሎ ስለሚያነሳ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን የቤንዚን ተን ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ ከባትሪ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ወይም ጎረቤት የተለኮሰ ከሰል ይበቃዋል። ናፍጣ ወይም ላምባ በብሩሽ ይጠቀሙ። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ። ሁለተኛው ልማድ የጋለ ሞተር ላይ በግፊት ውሃ መልቀቅ ነው። ዲናሞና ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ውሃ ከገባ መኪናው በማግስቱ አይነሳም፤ ከዚያ ሌላ ብልሽት ፍለጋ ይጀመራል። በላስቲክ ሸፍነው በሳሙና ውሃና በጨርቅ ይጨርሱት።

ሲደርቅ በጠረጠሩት ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ቦነን ያድርጉበት። ከተማውን ዞር ዞር ብለው ይመለሱና ኮፈኑን ይክፈቱ። ዘይቱ ነጩ ላይ መንገዱን ራሱ ይስላል።

የጎደለ ዘይት ሁሉ ፈሰሰ ማለት

ይህን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ያስተምራል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳሉ። በማርሽ ይዘው፣ እግርዎን ከቤንዚን ላይ አንስተው ሲወርዱ ሞተሩ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ይበረታል። በቫልቮቹ ዘንግ ላይ ዘይት የሚያግዱት የቫልቮላ ጎማዎች ከደረቁ ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። ታች ደርሰው ቤንዚን ሲረግጡ በመስታወቱ ከኋላዎ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ብሎ ካዩ ዘይትዎ መሬት ላይ አልፈሰሰም፤ ተቃጥሏል። ሽቅብ ሲመለሱ፣ ጭነት በዝቶበት ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ይጠረጠራል።

ልዩነቱ የገንዘብ ነው። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ላይ ጓርኒሲዮን ቢቀያይሩ ምንም አያተርፉም። በሌላ በኩል ሐረጎን ሲወጡ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተዎትና ከኮፈኑ ሥር ጭስ ካዩ፣ ከቴስታታ ክዳን የወጣው ዘይት በጋለው የጭስ መውጫ ብረት ላይ እየወደቀ ሊሆን ይችላል። ይህ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ለሳምንት የሚቀጠር ሥራ አይደለም።

«ጠበቅ ላድርጋት»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀላልና አስተዋይ ሥራ ይመስላል። ፍሳሽ አየን፣ ቡሎን አለ፣ እናጥብቀው። በእርግጥ የላላ ቡሎን ካለ ልክ ማድረግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጓርኒሲዮኑ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ከሆነ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አይመለስም።

የብዙ ትናንሽ አሮጌ ሞተሮች የቴስታታ ክዳን ቡሎን የሚፈልገው ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሜትር የሚሆን ጥብቀት ነው። በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ብቻ የሚገኝ ነው። በረጅም እጀታ ሙሉ ክንድ ካሳረፉበት ከሦስቱ አንዱ ይደርሳል። የቆርቆሮ ክዳን ከሆነ ቡሎኑ ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ይጎደጉድና በሁለቱ ቡሎኖች መሃል ያለው ጠርዝ ይነሳል፤ ያኔ ፍሳሹ ይብሳል። ወይም ቡሎኑ ይቆረጣል። ወይም የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል፤ ይሄ ወደ ቶርኖ ቤት ይወስድዎታል።

የጎደጎደ የቆርቆሮ ክዳን ወይም ኮፓ ግን አይጣልም። ጠርዙን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስደግፎ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ማቅናት ይቻላል። አዲሱን ጓርኒሲዮን ሲገጥሙ ሁሉንም ቡሎን መጀመሪያ በጣት ያስይዙ። ከዚያ ከመሃል ጀምረው ወደ ጫፍ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ያጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ክዳኑን ያጣምመዋል።

ዕቃ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። «የኮሮላ ስጠኝ» ማለት አይበቃም፤ አንድ ዓይነት መኪና የተለያየ ሞተር ይዞ ይመጣል። ሻጩ ፊት አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝተው ቀዳዳ በቀዳዳ ያመሳስሉ። ጎማው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ አዲስ ቢባልም መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።

ሲልኮን እንደ ሊጥ መለጠፍ

ከውጭ፣ ዘይት ባለበት ብረት ላይ ሲልኮን የሚቀባ ሰው አለ። አይይዝም። ዘይት የነካው ገጽ ላይ ምንም አይጣበቅም፤ ከውስጥ የሚገፋም ነገር አለ።

የከፋው ግን ከውስጥ ሲበዛ ነው። ክዳኑን ሲጫኑት ትርፉ ወደ ሁለቱም ጎን ይወጣል። ወደ ውጭ የወጣው ይታያል፣ ይጠረጋል። ወደ ውስጥ የገባው ደርቆ ይቆረጥና ኮፓ ውስጥ ይወርዳል፤ የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይዘጋል። ሞተሩ ዘይት ሞልቶለት ዘይት ያጣል ማለት ነው። ጥቂት ፍሳሽ ለማቆም ሲባል ሞተር የሚነክሰው (ተጣብቆ የሚቆመው) እንዲህ ነው።

የጎማ ጓርኒሲዮን በደረቁ ይገጠማል። ሲልኮን የሚያስፈልገው ሁለት ብረቶች የሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ፣ እንዲሁም ፋብሪካው ያለ ጓርኒሲዮን በሲልኮን ብቻ የገጠማቸው ኮፓዎች ላይ ነው። እዚያም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር ይበቃል፤ መስመሩ በቡሎኑ ቀዳዳ የውስጥ ወገን ይለፍ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን የማድረቂያ ጊዜ ያክብሩ። ብዙዎቹ ሙሉ ለሙሉ ለመድረቅ እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ። በደሴ ብርድ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

አሮጌውን ቅሪት ሲፍቁ ካቻቪቴና ብርጭቆ ወረቀት ይተዉ። አሉሚኒየም ቶሎ ይጫራል፤ የወረቀቱ አሸዋም ሞተር ውስጥ ይገባል። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መፋቂያ ይሻላል። ክፍቱን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ወትፉት፤ ሲጨርሱ ጨርቁን ማውጣት እንዳይረሱ።

የሞተሩን ትንፋሽ መርሳት

ጓርኒሲዮን ቀይረው በወሩ እንደገና ካፈሰሰ፣ ወይም ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ ካፈሰሰ፣ ጥፋቱን ጎማው ላይ አይጣሉ። ሞተር ሲሠራ በፒስተኑ ጎን ጥቂት ጋዝ ወደ ታች ይሾልካል። ያ ጋዝ መውጫ አለው፤ በብዙ ቤንዚን ሞተር ላይ ከቴስታታ ክዳን ተነስቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄድ ቀጭን ጎማና አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናት። መውጫው በጥቀርሻ ሲደፈን ግፊቱ ይጠራቀምና ደካማ ያገኘውን ኦይል ሲል ሁሉ ይፈነቅላል።

ቫልቯን አውጥተው ያናውጧት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሌላት ተደፍናለች ወይም ተጣብቃለች። ይጠቧት ወይም ይቀይሯት፤ ጎማውንም አብረው ይዩት። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ይህን የጋዝ መውጫ ያጽዱ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፈት ያድርጉ። አሁንም ጭሱ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው ሄዷል፤ ጓርኒሲዮን መቀየር አያድነውም። እኔ ብሆን ማንኛውንም ጓርኒሲዮን ከመግዛቴ በፊት ይህን አያለሁ።

ወፍራም ዘይትና «ተአምር» ጠርሙስ

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወጣውና የሚገባው ሁሉ ያልፍባታል። ስለዚህ ወፍራም ዘይት አይጠፋም። «50 ቁጥር አድርግበት፣ ይቆማል» የሚል ምክርም አይጠፋም። ፍሳሹ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ግን ደሴ ላይ በኅዳር ማለዳ ሞተር ሲነሳ ያ ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከተፈቀደው አይውጡ።

ፍሳሽ ያቆማሉ የሚባሉ ጠርሙሶች የደረቀ ጎማን ያሳብጣሉ። ለጥቂት ጊዜ ይሠራሉ፤ የተቀደደውን ግን አይሰፉም። የፍሬን ዘይት ሞተር ውስጥ መጨመር የሚባለውን ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩት። ጎማውን ከልክ በላይ ያሳብጣል፣ የሞተሩን ዘይትም ያበላሻል።

ዳገት ላይ መለካትና ብሎኬት ላይ መስቀል

የደሴ ችግር ሜዳ ማጣት ነው። መኪናው አፍንጫውን ሰቅሎ ከቆመ የዘይት መለኪያው ይዋሻል። በብዙ መኪና ላይ ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት 1 ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዘንበል ማለት ትልቅ ስህተት ያመጣል። ነዳጅ ማደያ ሲገቡ፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው እዚያ ይለኩ። ጎደለ ብሎ ከልክ በላይ መሙላትም ፍሳሽ ይጨምራል።

ከሥር መግባት ካለብዎ ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የብረት መደገፊያ፣ ለጎማዎቹ ታኮ፣ የእጅ ፍሬን፣ ማርሽ። ሜዳ ከሌለ ከሥር አይግቡ፤ በቃ።

ፊልትሮው ላይ ያለች ትንሽ ጎማ

አሮጌውን ፊልትሮ ሲፈቱ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በላዩ አዲሱን ከገጠሙ ሁለት ጎማ ተደራረበ ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ይፈነዳና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ። አዲሱን ጎማ በዘይት አርሰው፣ ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር በእጅ ብቻ ያጥብቁ። የማፍሰሻ ቡሎኑንም ሮንዴላ አብረው ይቀይሩ።

የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት

የደሴ ቦይ ቦርከናን ይገናኛል፤ ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ታች ያለ ሰው አትክልት ያጠጣበታል። በጀሪካን አጠራቅመው ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ። ለምስጥ መከላከያ አጥር እንጨት የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳ ስለሚጎዳ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ።

የኋላ ኦይል ሲልን እቤት መሞከር

ከላይ ያለውን ሁሉ አይተው፣ አጥበው፣ ፓውደር ቦነን አድርገው፣ አሁንም ሞተርና ካምቢዮ ከሚጋጠሙበት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ያኔ የኋላው ነው። ሐረጎን ሲወጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ደርሷል። ይህ የካምቢዮ ማንሻና ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ለጋራዥ ይተዉት። የፊቱም ቢሆን ሞተሩ የጥርስ ቺንጋ ካለው፣ ያንን ፈትቶ በምልክቱ መልሶ ለመግጠም እጁ ያልፈታ ሰው አይንካው። ለመካኒኩ አስቀድመው እንዲህ ይበሉት፦ «ካምቢዮው ከወረደ ፍሪሲዮኑን አሳየኝ፤ አሮጌውን ኦይል ሲልም እፈልገዋለሁ።»