የንፍፊት ሞለኪዩላር ምርመራ፦ ውጤቱን ስናነብ የምንሳሳተው

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላይ ሐኪሙ ከብብት አንዲት (አንዳንዴም ከአንድ በላይ) ንፍፊት ያወጣል። ካንሰሩ ከጡት ከወጣ መጀመሪያ የሚያርፍባት እሷ ላይ ስለሆነ ሴንቲኔል ኖድ ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ ፓቶሎጂስቱ ስስ ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያያታል። ኦስና በሚባለው ዘዴ ግን ንፍፊቷ ትፈጭና ሲኬ19 የሚባል የጂን መልእክት፣ ማለትም ኤምአርኤንኤ፣ ይለካባታል። ጤነኛ ንፍፊት ውስጥ ይህ ነገር እዚህ ግባ የሚባል መጠን የለውም፤ በብዛት ከተገኘ ከሌላ ቦታ የመጣ ህዋስ አለ ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ታካሚዋ ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳትወጣ ውጤቱ ይደርሳል። ፍጥነቱስ ጥሩ ነበር፣ ጣጣው አነባበባችን ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት «ፖዘቲቭ» የምትለዋን ቃል ይዞ መደንገጥ ነው። ከቃሉ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩት። በአንድ ማይክሮሊትር ከ250 የኤምአርኤንኤ ቅጂ በታች ከሆነ ኔጋቲቭ ነው፤ ከ250 እስከ 5000 ያለው ጥቃቅን ስርጭት፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ትልቅ ስርጭት ይባላል። 400 የወጣላትም 60,000 የወጣላትም ወረቀታቸው ላይ ፖዘቲቭ ነው የሚለው። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ፖዘቲቭ ከሆነ የብብቱ ንፍፊት በሙሉ ይውጣ» የሚለው ነው። ድሮ እንደዚያ ነበር። ዜድ0011 የተባለው ጥናት ግን ጡታቸው ሳይነሳ እብጠቱ ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር የወሰዱና በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲኔል ንፍፊት ካንሰር የተገኘባቸው ሴቶች ቀሪው ባይወጣላቸውም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እንዳልቀነሰ አሳየ፤ የ10 ዓመቱ ውጤት በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሁሉንም ማውጣት ዕድሜ ልክ የሚያስቸግር የክንድ እብጠት ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚህ «ለጥንቃቄ ይውጣ» ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

ኔጋቲቭ ሲባል ደግሞ ጮቤ መርገጥ አለ። ሲኬ19ን ጭራሽ የማያወጡ ዕጢዎች አሉ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። የእናንተ ዕጢ ከእነሱ ከሆነ ማሽኑ የሌለ ነገር ፈልጎ «የለም» ይላችኋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከዕጢው በተወሰደው ናሙና (ባዮፕሲ) ላይ ሲኬ19 ታይቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። አንድ ጥያቄ ናት፣ ሳታፍሩ ጠይቁ።

«ሌላ ሐኪም በድጋሚ ይይልኝ» ማለት መብት ነው፣ ግን የተፈጨ ንፍፊት ተመልሶ ማይክሮስኮፕ ስር አይገባም። ሙሉዋ ተፈጭታ ከሆነ በቃ፣ የሚታይ ነገር የለም። ከፊሏ እንዲቀመጥ ከተፈለገ መነጋገር የሚቻለው አስቀድሞ ብቻ ነው።

ላብራቶሪ ለምትሠሩ፦ ኤምአርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል። ንፍፊቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሥራ መጀመር ወይም እንደልማድ ፎርማሊን ውስጥ መክተት ውጤቱን ያጠፋዋል።

ይህን ምርመራ ከሌሎች የጡት ካንሰር ምርመራዎች ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ኦንኮታይፕ የሚለካው ራሱን ዕጢውን ነው፣ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን ለመገመት። የብራካ ምርመራ በዘር የሚወረስን ለውጥ ይፈልጋል። ሁለቱም ስለ ንፍፊት ምንም አይነግሯችሁም።

በመጨረሻ፣ ለጡት የሠራውን ለሁሉም ካንሰር መዘርጋት። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ላይ ተሞክሯል፦ በማይክሮስኮፕ ንጹሕ ሆኖ በፒሲአር (የጂን መልእክትን አባዝቶ በሚፈልግ ምርመራ) ብቻ ፖዘቲቭ የሆነ ንፍፊት ላላቸው ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናም ኢንተርፌሮን የሚባለው መድኃኒትም ተሰጥቶ፣ ዝም ብለው ከተከታተሏቸው ታካሚዎች የተሻለ ውጤት አልተገኘም። ጡት ላይም ቢሆን በማይክሮስኮፕ ምንም ሳይታይ በፒሲአር ብቻ ከተገኘ፣ በደረጃ አሰጣጡ ሕግ ንፍፊቱ «ኤን ዜሮ»፣ ማለትም ካንሰር ያልደረሰበት፣ እንደሆነ ይቀራል፤ ጎኑ ላይ «ሞል ፕላስ» (በሞለኪዩላር ምርመራ ፖዘቲቭ) የምትል ምልክት ብቻ ትጨመርበታለች።