የማሽላ አገዳን ብረት አልብሶ አርሴኒክን ከውሃ ማውጣት

ውሃ ውስጥ የሟሟ አርሴኒክ፣ መርዝ ቢሆንም፣ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። ቢያፈሉት አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበረታል። ስለዚህ ውሃው ላቦራቶሪ ታይቶ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ መሆኑ ሳይረጋገጥ ይህን ሥራ መጀመር ከንቱ ድካም ነው።

በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በሐብሩ ቆላ የሚተርፈው የማሽላ አገዳ ከሁሉ የሚበዛበት ሴሉሎስ (የእጽዋት ጭረት) ነው። ብቻውን አርሴኒክን እምብዛም አይዝም፤ የሚይዘው የምናለብሰው የብረት ሃይድሮክሳይድ ነው። ጥንቅሽ አይሁን፣ ስኳሩ ውሃውን ያበላሻል።

ጓንትና መነጽር አድርጉ። 40 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ፤ ሶዳው ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃ በሶዳው ላይ አይፈስም። 100 ግራም ደረቅ የአገዳ ዱቄት ጨምራችሁ በ60 ዲግሪ 2 ሰዓት አቆዩት፤ ቡናማው ፈሳሽ ጠርቶ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7 እስኪሆን እጠቡት።

ከዚያ 27 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ (ውሃ ያዘሉ ቢጫ ክሪስታሎች) በ1 ሊትር ውሃ አሟሙና ዱቄቱን ሌሊቱን ዘፍዝፉት። በማግስቱ እያማሰላችሁ በመጀመሪያው መጠን አዲስ ያሟሟችሁትን የሶዳ ውህድ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ፒኤቹ 7 ለመድረስ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሶዳው ባንዴ ከፈሰሰ ብረቱ አገዳው ላይ መጣበቁን ትቶ ለብቻው ይዘቅጣል፣ ማጣሪያውም ቀይ ውሃ ይተፋል። ጨዋማነቱ እስኪጠፋ እጠቡት፣ ከ60 ዲግሪ ሳይበልጥ አድርቁት። ብርቱ ሙቀት ብረቱን ወደ ሌላ ዓይነት ኦክሳይድ ይለውጠውና የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው አርሴኒክ ብዙ ጊዜ ሦስት ቫሌንሲ ያለው (አርሴኒክ III የሚባለው ዓይነት) ነው። ይህ በተለመደው ፒኤች ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው በቀላሉ አይያዝም። አስቀድማችሁ ጥቂት ክሎሪን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ወደ አምስት ቫሌንሲ ይለወጣል።

መጠኑን በግምት አትወስኑ። አራት ጠርሙስ አንድ አንድ ሊትር ውሃ ቅዱባቸው፤ በሦስቱ ብረት የለበሰውን አገዳ 1፣ 2 እና 4 ግራም ጨምሩ፣ አራተኛውን ለማነጻጸሪያ አገዳ ሳትጨምሩበት ተዉት። 2 ሰዓት አማስላችሁ አጣሩና አስመርምሩ። 4 ግራሙም ካልበቃ መጀመሪያ ፒኤቹን እዩ፤ ከ8 በላይ ከሆነ አያያዙ ይዳከማል። ፒኤቹ ደህና ከሆነ ከማዳበሪያ ወይም ከበረት የሰረገ ፎስፌትን ጠርጥሩ፤ የአርሴኒክን ቦታ ይሻማል።

እርጥብ አገዳ ጀርም ያበቅላልና የተጣራውም ውሃ ክሎሪን ያስፈልገዋል። አርሴኒክ የያዘው አገዳ ደግሞ መኖና ማገዶ ይመስላል፤ ከብት ከበላው ይመረዛል፣ ምድጃ ከገባም መርዙ በጭሱና በአመዱ ይወጣል። በተከደነ በርሜል ቆልፉበት፣ ከሲሚንቶ ጋር አቡክታችሁም አጠንክሩት።