የሰሜኑ ደን ሲቃጠል ጉዳቱን በሳተላይት እንዴት እንለካለን?

የሰሜኑ ደን የምለው በካናዳና በሳይቤሪያ የተዘረጋውን፣ ቦሪያል የሚባለውን የቀዝቃዛ አካባቢ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በሰደድ እሳት ተቃጠለ። አብዛኛው ቦታ መንገድ የማይገባበት ነው። በእግር ዞሮ ማየት የማይታሰብ ስለሆነ መለካት ያለብን ከላይ ሆነን ነው። ደስ የሚለው፣ ምስሎቹም ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛሉ። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግስት ካላችሁ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ካርታውን መሥራት ቀላል ነው፤ ከባዱ ሁለቱን ምስሎች በትክክል መምረጥ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡን እንያዝ። ጤነኛ ቅጠል ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን በደንብ ያንፀባርቃል። አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድን ግን በውስጡ ያለው ውሃ ይውጠዋል። ደኑ ሲቃጠል ነገሩ ይገለበጣል፦ የመጀመሪያው ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል። የምንለካው ይህን መገልበጥ ነው።

እሳቱ የትና መቼ እንደነበረ ለማወቅ የናሳን ፈርምስ ካርታ ክፈቱ። ቀያዮቹ ነጥቦች ሳተላይት ሙቀት ያየባቸው ቦታዎች ናቸው። ቪርስ ከተባለው መሣሪያ የሚመጣው አንድ ነጥብ 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነ ቦታን ይወክላል፤ ያ ሁሉ ቦታ ተቃጥሏል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ነጥብ ቆጥራችሁ ስፋት እንዳታወጡ። ቦታውንና ቀኑን ብቻ ውሰዱ።

አሁን ወደ ምስሎቹ። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የተባለው ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ሴንቲኔል-2 ከሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል ፈልጉ። ሌቭል-2ኤ የሚለውን ምረጡ፣ የከባቢ አየሩ ተጽዕኖ ተስተካክሎለታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት ለነበረ እሳት ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች አሉላችሁ፤ በ30 ሜትር ጥራት እስከ እ.ኤ.አ. 1984 ድረስ ይወስዳችኋል።

የሚያስፈልጉት ሁለት ምስሎች ናቸው፣ አንዱ ከእሳቱ በፊት፣ አንዱ ከእሳቱ በኋላ። ሁለቱም ግን ከተመሳሳይ ወቅት መሆን አለባቸው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የሳይቤሪያን ላርች እንውሰድ። መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ቢሆንም በመጸው ቅጠሉን ያራግፋል። የሐምሌን ምስል ከጥቅምት ጋር ካነፃፀራችሁ እሳት ያልነካው ደን ሁሉ የተቃጠለ መስሎ ይወጣላችኋል። በዚያ ላይ መጸው ሲገባ ፀሐይዋ ዝቅ ትልና ጥላው ይረዝማል፣ በረዶም ይመጣል። ምርጫው የኔ ቢሆን ከእሳቱ በፊት ከነበረው የሰሜኑ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) አንድ፣ ከእሳቱ ቀጥሎ ካለው ዓመት በጋ አንድ እወስዳለሁ። ጭሱ ለቋል፤ ተቃጥለው ቀስ ብለው የሚሞቱት ዛፎችም ለይተዋል። መልሱ በአስቸኳይ የሚፈለግ ከሆነ ግን እሳቱ እንደጠፋ የተገኘውን ጥርት ያለ ምስል ተጠቀሙ።

ከዚያ ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ፣ በምስሎች ላይ ስሌት የሚሠራውን ራስተር ካልኩሌተርን ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ምስል ባንድ 8ኤ (ቅርብ ኢንፍራሬዱ) ላይ ባንድ 12ን (አጭር ሞገዱን) ቀንሱ፣ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ኤንቢአር የሚባለው የቃጠሎ መለኪያ ቁጥር ይህ ነው። አንድ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉን አንድ ነጥብ እንይ። ከእሳቱ በፊት ባንድ 8ኤ 0.30፣ ባንድ 12 ደግሞ 0.10 ከነበረ 0.20 ለ0.40 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። ከእሳቱ በኋላ 0.12 እና 0.18 ከሆነ ደግሞ −0.2 ይመጣል። የበፊቱ ላይ የኋላውን ስትቀንሱ 0.7፣ ክፉኛ ተቃጥሏል ማለት ነው። ልዩነቱ ዲኤንቢአር ይባላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተዘጋጁ የሴንቲኔል-2 ፋይሎች ቁጥራቸው ላይ 1000 ተጨምሮበታል፤ አውርዳችሁ ራሳችሁ የምታሰሉ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ቀጥሎ ያለው ነው። ከተቃጠለው ክልል ውጭ፣ ተመሳሳይ ዛፍ ያለበትን ያልተነካ ደን ምረጡና የዲኤንቢአር አማካዩን እዩ። ዜሮ መሆን ነበረበት። 0.05 ካገኛችሁ ያ የወቅት ልዩነት እንጂ የእሳት ሥራ አይደለም፤ ከመላው ካርታ ላይ ቀንሱት። ደመናን፣ ጭስንና ሐይቆችንም አውጡ። ሰሜኑ በሐይቅ የተሞላ ስለሆነ ውሃውን መርሳት ስፋቱን በጣም ያዛባል።

ለደረጃ ምደባ በሰፊው የሚሠራባቸው ቁጥሮች አሉ፦ ከ0.1 በታች ያልተቃጠለ፣ እስከ 0.27 ቀላል፣ እስከ 0.66 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። እንደ መነሻ ያዟቸው እንጂ እንደ ሕግ አትቁጠሯቸው። ዛፉ የሳሳበት ቦታ መጀመሪያውኑ ብዙ ቅጠል ስለሌለው ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል እንኳ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ይወጣል።

ስፋቱን ለማግኘት ፒክስል ቁጠሩ። የ20 ሜትር ፒክስል 400 ካሬ ሜትር ነው፣ 25ቱ አንድ ሄክታር ይሆናሉ። ካርታው ግን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር፣ ማለትም ዩቲኤም በተባለው የካርታ ሥርዓት መሆን አለበት። 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ የአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ስፋት የምድር ወገብ ላይ ካለው ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን የዘነጋ ሰው ስፋቱን እጥፍ አድርጎ ሊዘግብ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከሳተላይቱ ዓይን ይሰወራል። የሰሜኑ ደን ብዙ ካርበን የያዘው ዛፉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው፣ ለዘመናት በተጠራቀመና ሙሉ በሙሉ ባልበሰበሰ የዕፅዋት ንብርብር ውስጥ ነው። እሳቱ እዚያ ገብቶ ለወራት ሊጤስ ይችላል፤ አንዳንዴ ክረምቱን በበረዶ ሥር አሳልፎ በፀደይ እንደገና ይነሳል። ካርታው የሚያሳየው ከላይ ያለውን እንጂ ይህ ንብርብር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተቃጠለ አይደለም። ለዚያ መሬት መውረድ የግድ ነው። ጥቁር ስፕሩስ ያለበት ቦታ ከሆነ ዛፉ ራሱ ይነግራችኋል፦ ንብርብሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከግንዱ ላይ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ንብርብሩ ሲቃጠል ሥሮቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከላይኛው ሥር እስከ ቀረው መሬት ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ቢያንስ ያን ያህል ተቃጥሏል። በየደረጃው ጥቂት ቦታዎች ላይ እንዲህ ለክታችሁ ከዲኤንቢአር ቁጥሩ ጎን ጻፉት።