«ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም?» የኒውክሌር ዛቻ በርጫ ላይ ሲነሳ እንዴት ይመዘናል

ሐረር ላይ ከቀትር በኋላ በርጫ ተቀምጦ የኒውክሌር ዛቻ ዜና ሲሰማ ቤቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ሰውዬው እብድ ነው፣ ይተኩሳታል» ይላል፤ ግማሹ «ባዶ ፉከራ ነው» ብሎ ወደ ትራሱ ይመለሳል። ከሁለቱም የሚገኝ ነገር የለም። ደብተር አውጡ፤ ያውም ምርቃናው ሳይገባ። ከገባ በኋላ የሚጻፍ ግምት ሁሉ እርግጥ ይመስላል።

ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ የዛተው መሪ ምን አለ? ምን አንቀሳቀሰ? ቢሸነፍ እሱ ራሱ ምን ይሆናል? ቢተኩስ ማን ይመልስበታል?

መሙላት የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። «እብድ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ጨካኝ ሰውም ያሰላል፤ የአምባገነን ስሌት ደግሞ መጀመሪያ ለወንበሩና ለአንገቱ፣ ቀጥሎ ለአገሩ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ ሙሶሊኒ ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜንም በኦጋዴን በኩልም በሠራዊታችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበ። በዓይነቱ የሚመልስለት አልነበረም። ያው ሙሶሊኒ ጋዝ ያላትን እንግሊዝን ሲዋጋ ግን እጁን ሰበሰበ። የኢራቁ ሳዳም ሁሴንም በመጋቢት 1988 በገዛ አገሩ ከተማ ሐላብጃ ላይ ኩርዶችን በጋዝ ፈጀ፤ በ1991 አሜሪካ መራሹ ጦር ሲመጣበት አልተጠቀመበትም። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄኔቫ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘው ቀርበው ነበር፤ የኢራቁ አቻቸው ታሪቅ አዚዝ አንብበው ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። ደብዳቤው ባይወሰድም መልእክቱ ደርሷል። ጋዝና ኒውክሌር እኩል አይደሉም፤ ከዚህ የምንወስደው እጅ የሚያስረው አጸፋው መሆኑን ብቻ ነው። «ይህን የሚያደርገው አምባገነን ብቻ ነው» የሚል ከተነሳም፣ ሂሮሺማና ናጋሳኪን በ1945 የመታው በምርጫ የሚተዳደር አገር እንደነበር አስታውሱት። ያኔም የሚመልስ አልነበረም።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ከተሸነፈ ያበቃለታል፣ ስለዚህ ከመሸነፍ ይተኩሳል» ይባላል። የዚህ አካባቢ ሰው ግን ሌላ ነገር አይቷል። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በ1977 ድሬዳዋን አጥቅቶ፣ ሐረር ደጃፍ ድረስ ደርሶ፣ በመጋቢት 1978 ተሸንፎ ወጣ፤ ዚያድ ባሬ ግን እስከ ጥር 1991 ከሥልጣኑ አልተነሳም። በሌላ በኩል የአርጀንቲናው ወታደራዊ ገዥ ጋልቲየሪ በ1982 የፎክላንድ ደሴቶችን ለእንግሊዝ ባጣ በቀናት ውስጥ ወረደ። ልዩነቱን ለማግኘት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቴሌቪዥኑ በእጁ ነው? ሊተካው የሚችል ጄኔራል አለ? ጠላቱ የሚፈልገው መሬት ነው ወይስ ዋና ከተማውን? ቴሌቪዥን ያለው ሰው ማፈግፈግን «ኃይል ማሰባሰብ» ብሎ ይጠራዋል። ፑቲን መስከረም 30 ቀን 2022 የዩክሬኗን ኸርሶን የሩሲያ ግዛት አድርጎ ፈረመ፤ ኅዳር 11 ላይ ጦሩ ከተማዋን ለቅቆ ወጥቶ ነበር። በነሐሴ 2024 የዩክሬን ጦር የሩሲያ ግዛት የሆነችው ኩርስክ ገባ። በሁለቱም ጊዜ አልተኮሰም። ስጋቱ እውነት የሚከብደው ጠላት ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲገሰግስና መውጫ በር ሲጠፋ ነው።

አንድ ሒሳብ እዚህ ጨምሩ፤ ቦምቡ ግንባር ላይ ምን ይሠራል? የሂሮሺማው 15 ኪሎ ቶን (የ15 ሺህ ቶን ፈንጂ ያህል) ገደማ ሲሆን፣ ዙሪያውን እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር ድረስ አወደመ። የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንዷ ቦምብ ከአምስቱም በሮቹ ጋር ትውጠዋለች። የዩክሬን ግንባር ግን 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወታደሩም ተበታትኖ ነው የሚዋጋው። ቦምቧ ከተማ ታጠፋለች እንጂ ግንባር አትሰብርም። በዚያ ላይ ወዳጅ ታሳጣለች፤ የቻይናው መሪ ሺ ጂንፒንግ በኅዳር 2022 የኒውክሌር ዛቻን በአደባባይ ተቃውመዋል።

«ምን አለ» የሚለው ዓምድ ቶሎ ይሞላል፤ ክብደት አትስጡት። ሩሲያ ኒውክሌር መቼ እንደምትጠቀም የሚገልጸው የ2020 ሰነዷ በተለመደ መሣሪያ ለሚቃጣ ጥቃት ኒውክሌር የሚፈቅደው የመንግሥት ህልውና አደጋ ላይ ሲወድቅ ነበር፤ በኅዳር 2024 «ለሉዓላዊነት ወይም ለግዛት አንድነት ከባድ ስጋት» ወደሚል ሰፋ። ወረቀት ነው። እንቅስቃሴውን ግን በጥንቃቄ መዝግቡ። የሩሲያ አነስተኛ የጦር ሜዳ አረሮች ከሚሳይሉና ከአውሮፕላኑ ተነጥለው በማዕከላዊ መጋዘን ነው የሚቀመጡት፤ ከመተኮሳቸው በፊት መጫን፣ መጓጓዝ፣ መገጠም አለባቸው። ይህ ከሳተላይት ዓይን ለመደበቅ ያስቸግራል። ይህ ምልክት በሰርጓጅ መርከብና በምድር ጉድጓድ ውስጥ ላሉት ረጅም ርቀት ሚሳይሎች አይሠራም፤ እነሱ ተገጥመው ነው የሚጠብቁት።

ስሌቱ የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በእሺ ባዮች ነው፤ የውሸት ሪፖርት የሚደርሰው መሪ ትክክል አስቦ ገደል ይገባል። ሁለተኛው በስህተት ነው። መስከረም 26 ቀን 1983 የሶቪየቱ መኮንን ፔትሮቭ አምስት የአሜሪካ ሚሳይሎች መጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶት የሐሰት ነው ብሎ ፈረደ፤ ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። በአራቱ ዓምድ ይህ ቦታ የለውም፤ ከግርጌ «ስህተት» ብላችሁ ለብቻው ጻፉት።

በመጨረሻ ሁሉም ግምቱን ከ100 ይስጥ፣ ጊዜም ይቁረጥለት፤ «በሦስት ወር ውስጥ፣ ከ100 ሁለት» እንደማለት። «ሊሆን ይችላል» የሚል አይመዝገብ። ደብተሩን ብዙ የማያወራው ሰው ይያዘው፤ ሦስት ወሩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚከራከረው «እንደዚያ አላልኩም» የሚለው ነውና።