የግቢ ኩሬ ውሃ ሲጎድል፣ ሲያረንጉድ፣ ዓሣውም ሲሞት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎም ይሁን በሰበታ፣ በሱሉልታም ይሁን በቱሉ ዲምቱ፣ በግቢው ኩሬ የሠራ ሰው ውሃው ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚጠራው ግንበኛ ነው። ግንበኛው ስንጥቁን በሲሚንቶ ይደፍናል፤ ስንጥቁም በቀጣዩ በጋ ተመልሶ ይከፈታል። ይህ የሚሆነው ምልክቱ እየታከመ መንስኤው ስለሚታለፍ ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ ያለው በኩሬው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ጀርባ ባለው አፈር ውስጥ ነው።

ውሃው ይጎድላል

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው እየተነነ ነው ወይስ እየሰረገ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ባልዲ በኩሬው ውሃ ይሙሉና አፉ ከኩሬው ውሃ ጥቂት ከፍ እንዲል ከሥሩ ድንጋይ አድርገው ኩሬው ውስጥ ያስቀምጡት፤ የባልዲው ውሃና የኩሬው ውሃ የደረሱበትን ልክ በባልዲው ግድግዳ ላይ ከውስጥም ከውጪም ምልክት ያድርጉ። ፓምፑን ዘግተው በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም እኩል ከጎደሉ የወሰደው ፀሐይና ነፋስ ነው፤ በበጋ በቀን ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መጉደል የተለመደ ስለሆነ ውሃ ከመጨመር በቀር የሚሠራ ሥራ የለም። ከውጪ ያለው በልጦ ከጎደለ ግን ኩሬው ያፈሳል።

የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ውሃው በራሱ መጉደሉን እስኪያቆም ይተዉት፤ ቀዳዳው ያለው ውሃው በቆመበት ከፍታ ዙሪያ ነው። እዚያ መስመር ላይ የጠረጠሩት ስንጥቅ አጠገብ የቀይ ሥር ጭማቂ ቀስ አድርገው ቢያንጠባጥቡ ቀለሙ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ወደ ስንጥቁ ሲሳብ በዓይን ይታያል። ፓምፑ ሲሠራ ብቻ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን ትተው ቱቦውንና የፏፏቴውን ጠርዝ ይፈትሹ።

የተሰነጠቀው ኮንክሪት ከሆነ የአፈሩን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። በዳርቻው ብዙ ሰፈሮች የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለው፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ እየደረቀ ይኮማተርና መሬቱ ይሰነጣጠቃል። ያለ ፌሮ የተሞላ ስስ ኮንክሪት ይህን መግፋትና መሸሽ አይችለውም። በእኔ ግቢ በየካቲት የተከፈተው ስንጥቅ የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ ያስገባ ነበር፤ ሁለት በጋ በተከታታይ አስለሰንኩት፤ ልስኑም ሁለቴ በዚያው መስመር ላይ ተቀደደ። መፍትሄ የሆነኝ ኩሬውን አድርቄ፣ የሾለውን ሁሉ አስተካክዬ፣ ጆንያና አሮጌ ምንጣፍ አንጥፌ በላዩ ጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ማልበስ ነበር፤ ጂኦሜምብሬን ከአፈሩ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ አይሰነጠቅም። ልኩ የሚወሰደው በኩሬው ርዝመት ላይ የጥልቀቱን እጥፍና ለጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር በመደመር ነው፤ ወርዱም እንደዚሁ ይሰላል። ለምሳሌ 3 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ 80 ሳንቲ ሜትር ለሚጠልቅ ኩሬ 5.2 በ4.2 ሜትር ያስፈልጋል። ገና ሊሠሩ ያሰቡ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩን አፈር ከኩሬው ሥርና ዙሪያ አስወጥተው በገረጋንቲ መተካትና ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ ወጪው ቢከብድም፣ ኋላ ከሚመጣው ጥገና ሁሉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በክረምት ፕላስቲኩ ከሥር ተነፍቶ ይነሳል

በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ውሃ ስለሚጠግብ ከሥር የሚመጣው ግፊት ጂኦሜምብሬኑን ወደ ላይ ያነሳዋል። ብዙ ሰው ደንግጦ ኩሬውን ያፈስሳል፤ ይህ ግን ችግሩን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም ፕላስቲኩን ተጭኖ የያዘው የኩሬው ውሃ ክብደት ነው። ኩሬውን ሞልተው ይያዙት፤ ከላይ በኩል፣ ጎርፉ ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከኩሬው ወለል የማያንስ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረው በጠጠር ይሙሉና የቦዩን ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያፍስሱ። ጠርዙ ከግቢው ወለል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ጭቃማው ጎርፍም አይገባም።

ውሃው ያረንጉዳል ወይም ይጠቁራል

አረንጓዴው አልጌ ነው፤ የሚራባውም ፀሐይና የምግብ ትራፊ ሲበዛለት ነው። ውሃውን ሁሉ መቀየር ለሳምንት ያህል ያጠራዋል እንጂ መንስኤውን አያነሳውም። የዓሣውን ምግብ በ5 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ በሚያልቅ መጠን ይወስኑ፤ ከጓሮ አትክልቱ ፍግና ማዳበሪያ እየታጠበ እንዳይገባ ይከልክሉ፤ የውሃውንም ገጽ ግማሽ ያህል በተክል ያስጠልሉ። ለጠርዙ ቄጠማ ይስማማል። እምቦጭን ግን አበባው ቢያምር እንኳ አያስገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ያደረሰው ጉዳት ለሁላችንም የተገለጠ ነው። ፊላም ሹል ሥሩ ጂኦሜምብሬኑን ሊበሳ ስለሚችል በማሰሮ ካልሆነ በቀር አይተከልም።

ውሃው እንደ ሻይ የሚጠቁር ከሆነ ከላይ ያለውን ዛፍ ይመልከቱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በውሃ ውስጥ ሲከማች ያጠቁረዋል፤ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ይወስዳል። ቅጠሉን በየጊዜው በመረብ ማውጣት እንጂ መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም።

ዓሣው ጎህ ሲቀድ አፉን ከውሃው በላይ ያደርጋል

ይህ የኦክስጅን እጥረት ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል፤ አልጌና ተክሎችም ሌሊት ያንኑ ጥቂት ይሻማሉ፤ በዚህ ላይ መብራት ሄዶ ፓምፑ ከቆመ ዓሣው የሚተነፍሰው ያጣል። ለጊዜው ከኩሬው ውሃ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ ለዘለቄታው የዓሣውን ቁጥር ይቀንሱ፣ ፓምፑንም ከቀን ይልቅ ሌሊት እንዲሠራ ያድርጉ።

ዓሣው በገባ በቀናት ውስጥ ካለቀ መንስኤው ብዙ ጊዜ አዲሱ ሲሚንቶ ወይም ክሎሪን ነው። ከአዲስ ኮንክሪት የሚወጣው ኖራ የውሃውን ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ ልክ) ከ9 በላይ ሊያወጣው ስለሚችል ኩሬውን በኮምጣጤ አጥበው፣ ሞልተው ሳምንት ካቆዩ በኋላ ማፍሰስ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ መደጋገም ይገባል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ዓሣ ከመግባቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን ሳይከደን ይቆይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የሚሞተው ግን ብዙውን ጊዜ ቆሮሶ ነው፤ ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ስለሆነ የሱሉልታን ውርጭ አይችልም። ዱባ የሚባለው ካርፕ ብርዱን የተሻለ ይቋቋማል፤ ለእርሱም ቢሆን ኩሬው በአንድ በኩል እስከ 1 ሜትር ቢጠልቅ ይመረጣል።

ትንኝ ይፈላበታል

ትንኝ የሚፈላው በረጋ ውሃ ላይ ነው። ዓሣ ካለ የትንኙን እጭ ይበላዋል፤ ፏፏቴው የማይደርስበትን ጥግ ግን በየሳምንቱ በመረብ ያጽዱት፤ በግቢው ያለውን ክዳን የሌለውን በርሜልም አብረው ይመልከቱ፤ ኩሬው እየተወቀሰ እጩ የተገኘው እዚያ ውስጥ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።