ባሕር ዳር ላይ የአማተር ሬዲዮ አንቴና የት ይተከላል?

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎት፣ በራስ ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር ነው። ለዚህ ሥራ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም አንቴና የተጻፉ መመሪያዎች አንድ ምክር ይደጋግማሉ፦ ባሕር ዳር ትከሉ። ይህን ሳነብ የባሕር ዳር ልጅ በመሆኔ ኮራሁ። የአሉሚኒየም ቱቦዬን ተሸክሜ ጣና በሚታይበት የግቢያችን ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈርሁና በሲሚንቶ አቆምሁት። ሬዲዮውን ስከፍት ከሰው ድምፅ ይልቅ የሚሰማው እንደ ንብ ቀፎ ያለ እምምታ ብቻ ነበር።

መመሪያው የሚለው ጨዋማውን ባሕር ነው። የባሕር ውኃ ከጣና ውኃ በመቶዎች እጥፍ የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የእኛ ሐይቅ የሚሰጠን ጥቅም ከፊት የሚጋርድ ነገር አለመኖሩ ነው፤ ለእርሱ ብላችሁ መጥፎ ጥግ አትምረጡ።

ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ መያዝ ግድ ነው፤ ይህ ካለቀ ወደ ቁመቱ እንሂድ። 71.3ን ለምትሠሩበት ሜጋኸርትዝ (የሞገዱ ድግግሞሽ መለኪያ) ስታካፍሉ ርዝመቱን በሜትር ታገኛላችሁ፦ ለ14.2 አምስት ሜትር፣ ለ7.1 አሥር ሜትር ያህል። ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ የዚህን እጥፍ ራቁ። ቢወድቅ ሽቦውን የሚነካ አንቴና ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ቀጥ ያለ አንቴና ከቤት ዕቃ የሚወጣውን ጫጫታ ሁሉ ይለቅማል፤ ስለዚህ ቦታው የሚመረጠው በጆሮ ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ የባትሪ ሬዲዮ ያዙ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ሲበራ፣ የሬዲዮውን መርፌ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ በግቢው ውስጥ ተዘዋወሩ። በየሦስት እርምጃው ቆማችሁ ጫጫታውን ከአንድ እስከ አምስት እየመዘናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀጥሎ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፉና ያንኑ መንገድ ድገሙት። ጫጫታው ከቀነሰ ጥፋቱ ከቤታችሁ ነው፤ ካልቀነሰ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው። የእኛ ቤት ጥፋተኞች የአጥር በሩ አምፖልና የተከራያችን ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነበሩ። የሰፈሩ መብራት በሙሉ ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ከመፈለግ በፊት ሬዲዮውን ይዛችሁ ውጡ፤ ያን ጊዜ የምትሰሙት ግቢያችሁ ሊደርስበት የሚችለውን ትልቁን ጸጥታ ነው። የእኔ ቦታ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ከፓፓያው አጠገብ ተገኘ። ከመጀመሪያው ጥግ የሚርቀው አሥራ አራት እርምጃ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ግን ከዚያ ጨርሶ አይታይም።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መትከልም ይቻላል። ቆርቆሮዎቹ እርስ በርሳቸው በደንብ ከተያያዙ ከአንቴናው እግር ዙሪያ መሬት ላይ እንደሚዘረጋው ሽቦ ያገለግላሉ። መጋጠሚያው ከዛገ ግን ራሱ ጫጫታ ይፈጥራል፤ ሚስማር የገባበት ቀዳዳም በሐምሌ ያፈስሳል። እኔ አልመክርም።

መሬት ላይ ከሆነ ከእግሩ ዙሪያ ሽቦ ዘርጉ፦ አሥራ ስድስት ቢሆን፣ እያንዳንዱ የአንቴናውን ቁመት ያህል። በአራት ሽቦ ለማብቃቃት ሞክሬ ድምፄ ከጎንደር አላልፍ ብሎ ነበር። ሽቦውን ከሣሩ ሥር ሁለት ጣት ያህል ቅበሩት፤ አለበለዚያ የበግ እግር ይተበትበዋል። መረሬ አፈር ካላችሁ በመስከረም ሥሩት፤ በመጋቢት እንደ ድንጋይ ይሆናል።

የክረምት ደመና ሲጠቁር ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመጣውን ገመድ ከቤት ውጭ ንቀሉ፤ ከሬዲዮው ጀርባ ብቻ መንቀል መብረቁን ቤት ማስገባት ነው። ስታሰራጩ ሕፃናት ቱቦውን እንዳይነኩ በእንጨት እጠሩት፤ ያቃጥላል።

ሲሚንቶ ከማፍሰሳችሁ በፊት ቱቦውን ከእንጨት ችካል ጋር አስራችሁ አንድ ሳምንት ሞክሩት። እኔ ቀድሜ ስላፈሰስሁ ያ የአጥር ሥር ብረት እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል፤ እናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ አስራበታለች።