«ከላይ ሄጄ አመለክታለሁ» ከማለትዎ በፊት

ደሴ ውስጥ ማመልከቻ ስጽፍ ዓመታት ተቆጠሩ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተቶች ይዞ ይመጣል።

ዋናው «ፌዴራል የክልል አለቃ ነው» የሚለው ነው። ይሄ ነገር አንጀቴን ያሳርረኛል! አንድ የተሁለደሬ ወረዳ አባት ጎረቤታቸው ድንበር ገፋባቸው። ጊደር ሸጠው አዲስ አበባ ሄዱ። ሁለት ሳምንት በር ላይ ቆመው «አባባ፣ እዚያው አገርዎ ይጨርሱ» ተባሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ትልቁ መንግሥት እያለ ትንሹ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

አባባ፣ ፌዴራልና ክልል አለቃና ምንዝር አይደሉም። እንደ ሁለት ማሳ ናቸው፣ በመሃላቸው ድንበር አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 አንዱ የሌላውን ሥልጣን ያክብር ይላል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራል ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልል ነው ይላል። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ ማተም የፌዴራል ነው። መሬትስ? ሕጉን ፌዴራል ያወጣል፣ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የይዞታ ደብተርዎ ያለው ወረዳ ነው። ክርክሩም ከወረዳ ፍርድ ቤት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ የፌዴራል ሰበር ችሎት አለ፤ እሱ ግን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው የሚያየው። ታሪኩን እንደ አዲስ የሚያወሩበት ቦታ አይደለም።

ዞንን ከወረዳ ጋር ማምታታት ደግሞ የእኔም ጥፋት ነበር። ሥራውን ስጀምር «ለደቡብ ወሎ ዞን ምክር ቤት» ብዬ ጻፍኩ። የተቀበለችው ልጅ ሳቀችብኝ። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም፣ የክልሉ ክንድ ናቸው። ወረዳ ግን ምክር ቤት አለው። በክልላችን እንደ ኦሮሞና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ ዞኖችም አላቸው። ያን ቀን አፍሬ እንደገና ጻፍኩት።

መብራት ጠፋ ብሎ የወረዳውን አስተዳዳሪ መሳደብ ዋጋ የለውም፣ መብራት የፌዴራል ድርጅት ሥራ ነው።

የግል ነጋዴ ግብር የክልል ገቢ ነው። «አዲስ አበባ ወሰደብኝ» አትበሉ።

«ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል» የሚለውን በየማመልከቻው ጻፍልኝ የሚሉኝም አሉ። እሺ፣ ተጥሶ ይሆናል። ግን እኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለአጥር ጠብ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ግልባጭ ማብዛትም አለ። ባለፈው አንዲት እናት ያዘጋጁትን ወረቀት አሳዩኝ። ግልባጭ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ለክልሉ ርዕሰ መስተዳድር፣ ለሌላም ለሌላም፣ በድምሩ ዘጠኝ። ጉዳዩ የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ጣሪያ ነው። ለቀበሌው ግን አልተጻፈለትም።